ድምፁ ያልተቀመጠ ሬዲዮ

በትንሽ የሬዲዮ ጣቢያ አብረው የሠሩ ሰዎች ከዓመታት በኋላ ሲገናኙ ስላቀረቡት ፕሮግራም ብዙም አያወሩም። የሚያወሩት ስለ ጄኔሬተሩ ነው። የስቱዲዮው በር አልገጥም ብሎ የአህያ ጩኸት ከዜናው ጋር ስለተላለፈበት ጠዋት፣ ድምፅ ይመጥጣል ተብሎ ግድግዳው ላይ ስለተለጠፈው የእንቁላል ካርቶን፣ አበል ሲዘገይ ሻይ በዱቤ ስለምትሰጣቸው ሴትዮ፣ ማስታወቂያቸውን ይዘው መጥተው «እኔው ራሴ ላንብበው» ብለው ስለሚከራከሩት ሽማግሌ ያነሳሉ። ከውጭ ሆኖ ለሚሰማቸው ሰው ሳቅ የበዛበት፣ ቁም ነገር የሌለው ጨዋታ ይመስላል።

እኔ ግን ይህን ጨዋታ በጥሞና መስማት ይገባል ከሚሉት ወገን ነኝ። ምክንያቴም ቀላል ነው። አብዛኞቹ ትንንሽ ጣቢያዎቻችን ያሠራጩትን ድምፅ አላስቀመጡም። የዛሬ አሥር ዓመት በአንድ ወረዳ ከተማ በሬዲዮ ምን ይባል እንደነበር ማወቅ የሚፈልግ ሰው ሄዶ የሚያዳምጠው ነገር አያገኝም። የቀረው የሠራተኞቹ ወሬ ነው። ወሬው እንደ መዝገብ ካገለገለ ደግሞ እንደ መዝገብ መመርመር አለበት፤ የቱ ይታመናል፣ የቱ ተጋኗል፣ የቱስ ሳይጻፍ ቀረ ተብሎ።

ድምፁ ለምን እንዳልቀረ ሲጠየቅ ብዙ ሰው ስንፍናን ለመውቀስ ይቸኩላል። ነገሩ ግን በሒሳብ ይገባል። በሪል ቴፕ ዘመን የተለመደው ፍጥነት በሰከንድ 19 ሳንቲ ሜትር ነበር። በዚህ ፍጥነት የግማሽ ሰዓት ዝግጅት 340 ሜትር ያህል ቴፕ ይበላል። ቴፑ የሚገዛው በውጭ ምንዛሪ ነው፤ ስለዚህ ዝግጅቱ ከተላለፈ በኋላ ይደመሰስና ሌላ ይቀዳበታል። ይህ የድሃ አገር ልማድ ብቻ አይደለም። ቢቢሲም በ1960ዎቹና በ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. ዛሬ በብዙ ልፋት የሚፈለጉ የቴሌቪዥን ዝግጅቶቹን ደምስሶ ቴፑን መልሶ ተጠቅሞበታል።

ኮምፒውተር ሲመጣ ችግሩ መልኩን ቀየረ እንጂ አልቀረም። ሳይጨመቅ በሲዲ ጥራት የተቀዳ የአንድ ሰዓት ድምፅ ከ600 ሜጋ ባይት በላይ ቦታ ይይዛል። በቀን አሥር ሰዓት የሚያሠራጭ ጣቢያ ሁሉን ላስቀምጥ ቢል 500 ጊጋ ባይት የሚይዝ ሃርድ ዲስክ ሦስት ወር ሳይሞላ ይሞላበታል። ድምፁን ጨምቆ ማስቀመጥ ይቻል ነበር፤ ያኔ ያው ዲስክ ሁለት ዓመት በበቃ። ግን የማን ሥራ ነው? ዜና የሚሠራው ልጅ የነገውን ዜና ያስባል፤ ቴክኒሺያኑ ዛሬ ማሠራጫው እንዳይቃጠል ይጠብቃል። ኮምፒውተሩ «ቦታ የለም» ባለ ቁጥር አንዱ ተነስቶ ያለፈውን ወር ያጠፋል። እንግዲህ የማኅበረሰብ ታሪክ የሚጠፋው በእሳት ወይም በዘረፋ ብቻ አይደለም፤ የነገው ፕሮግራም ቦታ ፈልጎም ይጠፋል።

ከትልቁ ጣቢያ ጋር ስናስተያየው ልዩነቱ ይጎላል። ወጋየሁ ንጋቱ በኢትዮጵያ ሬዲዮ የተረከው «ፍቅር እስከ መቃብር» በካሴት፣ በሲዲ፣ ኋላም በስልክ እየተባዛ እኛ ዘመን ደርሷል፤ ሳይወለዱ የተቀዳውን ድምፅ በቃላቸው የሚያውቁ ወጣቶች አሉ። ስለ ትልቁ ጣቢያ ሰዎች ሕይወትም ቢሆን የሚጠይቅ አልጠፋም። መዓዛ ብሩ በሸገር ኤፍ ኤም 102.1 «የጨዋታ እንግዳ» ላይ አንጋፋዎችን አስቀምጣ ከልጅነታቸው ጀምሮ ስታናግር፣ ዝግጅቱ ራሱ የቃል ታሪክ ክምችት ሆኗል። በወረዳ ከተማ ማይክ ይዛ የኖረችን ልጅ ግን እንደዚያ አስቀምጦ የሚጠይቅ የለም። እሷን የሚጠይቋት የድሮ ባልደረቦቿ ብቻ ናቸው፤ እነሱም የሚያውቁትን ስለማይጠይቁ ብዙው ነገር ሳይነገር ይቀራል።

ይህን ሐሳብ ያጠናከረልኝ ጨዋታ የሰማሁት ከአገር ቤት ርቄ፣ ሐታ ላይ ነው። ሐታ በዱባይ አስተዳደር ሥር ብትሆንም ከዱባይ ከተማ 130 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ በሐጀር ተራሮች መካከል ተለይታ የተቀመጠች ስፍራ ናት። ዖማን ትጎራበታለች፤ አጠገቧ ያለችው መስፉት ደግሞ ከዋናው ምድሯ ተነጥላ የቀረች የአጅማን ግዛት ናት። በኤምሬትስ ከ2022 እ.ኤ.አ. ወዲህ የሳምንቱ ዕረፍት ወደ ቅዳሜና እሁድ ዞሯል። እሁድ ዕረፍት የሚያገኙ ወገኖቻችን መኪና ተከራይተው፣ ጀበናና ምንጣፍ ይዘው ወደ ሐታ ግድብ ሲወጡ አብሬያቸው ነበርኩ። ከተሰበሰቡት ውስጥ ሁለቱ በሰሜኑ የአገራችን ክፍል በአንድ ትንሽ ኤፍ ኤም ጣቢያ አብረው የሠሩ ናቸው። እሱ የጣቢያው ቴክኒሺያን ነበር፤ ዛሬ ሹፌር ነው። እሷ የማስታወቂያና የሙዚቃ ምርጫ አቅራቢ ነበረች፤ ዛሬ ሰው ቤት ትሠራለች። የወሎ ልጆች ናቸው። እሷ በዕድሜ ስለሚበልጣት «ጋሼ» ትለዋለች፤ ሊያናድዳት ሲፈልግ «ጋዜጠኛዋ» ይላታል፣ ሌላ ጊዜ «እታለም» ነው።

ወሬውን የቀሰቀሰው የመኪናው ሬዲዮ ነው። ከሜዳው ወጥተን ተራሮቹ ውስጥ ስንገባ ሲዘፍን የነበረው ጣቢያ መንሿሿት ጀመረ፤ አንድ መታጠፊያ ላይ ጨርሶ ጠፋ፣ ቀጥሎ ተመለሰ። ሁላችንም ዝም ስንል እሱ መሪውን እንደያዘ «ጥላ ውስጥ ገባን» አለ። የሙያው ቃል ነው።

የኤፍ ኤም ሞገድ እንደ አጭር ሞገድ ወደ ላይ ወጥቶ ከላይኛው የአየር ንብርብር እየነጠረ አገር አያቋርጥም። ከአንቴናው ቀጥ ብሎ ይሄዳል፤ ተራራ ካገኘ እዚያው ይቆማል፤ ከተራራው ጀርባ ያለው ሸለቆ ጥላ ይሆናል። መፍትሔው ሌላ ተራራ ላይ ተቀባይና አስተላላፊ መትከል ነው፤ ይህ ደግሞ ገንዘብ፣ መንገድና መብራት ይጠይቃል። የኢትዮጵያ ሬዲዮ ከአዲስ አበባ ወጣ ባለችው ጌጃ በአጭር ሞገድ፣ የአማራ ሬዲዮም በ6090 ኪሎ ኸርዝ ይደመጡ የነበረው በዚሁ ምክንያት ነው፤ ጋራና ሸንተረር ለሚበዛበት አገር አጭር ሞገድ ተስማሚ ነበር። ቁጥሩ አሁንም በብዙ ገበሬ አእምሮ አለ።

ትንሹ ጣቢያ ግን ኤፍ ኤም ነው፤ ጉልበቱም ትንሽ ነው። አንቴናው ከከተማው በላይ ካለ ጉብታ ላይ ይቆማል፤ ከዚያ ጉብታ የሚታይ ቀበሌ ሁሉ ይሰማዋል፣ የማይታየው አይሰማውም። ሁለቱ ሲያወሩ «ከጋራው ወዲህ» እና «ከጋራው ወዲያ» የሚሉት ደጋግሞ ሲመጣብኝ መጀመሪያ አካባቢያዊ አነጋገር መስሎኝ ነበር፤ ለካ የጣቢያው የስርጭት ካርታ ነው። ደብዳቤ የጻፈ፣ ዘፈን የመረጠ፣ በሬ ጠፋኝ ያለ፣ በትዝታቸው ውስጥ በስም የሚጠራ ሰው ሁሉ ከጋራው ወዲህ ነው። ከጋራው ወዲያ ያለው ሕዝብ በወረዳው የሕዝብ ቆጠራ ውስጥ አለ፤ በእነሱ ትዝታ ውስጥ የለም። ይህን የምለው ሊወቀሱ ይገባል ብዬ አይደለም። ይህ መዝገብ ከመጻፉ በፊት በአንቴናው ከፍታ እንደተወሰነ ለማሳየት ነው።

ቡናው ሁለተኛው ላይ ሲደርስ መብራት የሄደበት ቀን ታሪክ መጣ። የቀብር ማስታወቂያ እያነበበች ነበር። የእኛ አገር የሐዘን ማስታወቂያ አጻጻፍ ይታወቃል፤ ሟች ከመጠራታቸው በፊት ዘመድ ይዘረዘራል። «የአቶ መሐመድ ባለቤት፣ የእነ ፋጡማ እናት» ብላ ስሙ ላይ ስትደርስ መብራት ሄደ።

«በእኛ ከተማ ስንት አቶ መሐመድ አለ መሰላችሁ!» አለች ወደ እኛ ዞራ። «ፋጡማ የምትባል ልጅ የሌለው ደግሞ ማን አለ? ግማሽ ሰዓት ሙሉ ጨለማ። ሰው ጫማውን ሳያደርግ በራችን ላይ ተሰበሰበ።»

«ግማሽ ሰዓት?» አለ እሱ፣ ሲኒውን አስቀምጦ። «እታለም፣ አምስት ደቂቃም አልሞላ። እኔ እኮ ነኝ የሮጥኩት።»

«ጋሼ፣ ወላሂ በለኛ!»

«ወላሂ! ናፍጣው እንኳ የነበረው ጀሪካኑ ወለል ላይ ነው።»

ተከራከሩ፤ ሊስማሙ አልቻሉም። ጄኔሬተሩን ያስነሳው ማን እንደሆነም አልተስማሙም፤ እሷ ጥበቃው ነው ትላለች። አንድ ነገር ላይ ግን ሁለቱም አንድ ቃል ነበሩ፤ የሥራው ቅደም ተከተል ላይ። መብራት ሲሄድ ኮምፒውተሩና ሚክሰሩ በዩፒኤስ ይቆያሉ፤ ዩፒኤሱ ጢጥ ጢጥ ይላል። ማሠራጫው ግን ለዩፒኤስ ስለሚከብድ ያኔውኑ ይጠፋል። ቴክኒሺያኑ መጀመሪያ የማሠራጫውን ማብሪያ ይዘጋል፤ ጄኔሬተር ሲነሳ የሚወጣው ያልተረጋጋ ኃይል እንዳያቃጥለው። ከዚያ ጄኔሬተሩን ያስነሳል፣ ድምፁ እስኪስተካከል ይጠብቃል፣ መቀያየሪያውን ይገለብጣል፣ ማሠራጫውን በዝቅተኛ ጉልበት ያበራል፣ ወደ ኋላ የሚመለስ ኃይል አለመኖሩን ከቆጣሪው አይቶ ቀስ እያለ ከፍ ያደርጋል። ከዚያ በኋላ ነው በመስታወቱ አሻግሮ አውራ ጣቱን የሚያሳያት። እሷ አውራ ጣቱን እስክታይ ማይኩን አትከፍትም። ይህን ሲናገር እሷ እጇን አንስታ ምልክቱን ቀድማ አሳየች። የዚያ ጣቢያ በር ላይ ቆሜ ባየው ኖሮ ከዚህ የተሻለ አልረዳውም ነበር።

ከዚህ ልዩነት የምንማረው አለ። አንድ ሰው በየቀኑ በእጁ የሠራውን ነገር ከሃያ ዓመት በኋላም ሳያዛንፍ ይነግርሃል፤ እጁ ያስታውሰዋል። አንድ ጊዜ የሆነን ነገር፣ በተለይ ርዝመቱንና ማን እንደሠራው፣ ሲነግርህ ግን ተጠንቅቀህ ስማ። የደቂቃው ልዩነት ውሸት አይደለም። የሟች ስም አፏ ላይ ደርሶ የቀረባት ሴት በጨለማ የተቀመጠችው ጊዜ ረጅም ነው፤ ናፍጣ ይዞ የሚሮጥ ሰው የሮጠበት ጊዜ አጭር ነው። ሁለቱም የየራሳቸውን ሰዓት ነው የሚነግሩን። የማኅበረሰብ ሬዲዮን ታሪክ መጻፍ የሚፈልግ ሰው የሥራውን አካሄድ ከእነሱ ይውሰድ፣ ቀንና መጠኑን ከሌላ ቦታ ይፈልግ።

ሦስተኛ ዓይነት ወሬም አለ፤ ብዙ ጊዜ ከመነገሩ የተነሳ የተወለወለ። መጀመሪያ ላይ የጠቀስኩትን የአህያ ታሪክ እነዚህም ነገሩኝ፤ ግን ከሌላ ጣቢያ ሰዎችም ቃል በቃል ሰምቼዋለሁ። አህያዋ ሁልጊዜ ዜናው የባለሥልጣን ስም ላይ ሲደርስ ነው የምትጮኸው። ሆኖ ይሆናል፤ የወረዳ ስቱዲዮ በር ላይ አህያ መታሰሩ ብርቅ አይደለም። እኔ ግን እንደ ታሪክ ሳይሆን እንደ ተረት መዝግቤዋለሁ። ተረትነቱም የሚናገረው አለ፤ ሰዎቹ በይፋ የማይስቁበትን ነገር በአህያ አፍ ይስቁበታል።

ለመሆኑ እነዚህ ጣቢያዎች ከየት መጡ? ረጅሙን ታሪክ በአጭሩ ልለፈው። ሬዲዮ በኢትዮጵያ የተጀመረው የፋሺስት ወረራ ሊጀምር ሲል፣ በ1928 ዓ.ም. መግቢያ፣ ከአቃቂ ነው። ለረጅም ዘመን ሬዲዮ ማለት የመንግሥት ድምፅ ነበር፤ ከዚህ ወጣ ያለው ትልቁ ጣቢያ ከ1955 ዓ.ም. ጀምሮ ያሠራጨው፣ የሉተራን ዓለም ፌዴሬሽን ያቋቋመው ብሥራተ ወንጌል ነው። የብሮድካስት አገልግሎት አዋጅ ቁጥር 533/1999 ከመንግሥትና ከንግድ ጣቢያ ሌላ የማኅበረሰብ ብሮድካስት የሚባል ሦስተኛ ዓይነት በሕግ ለይቶ አስቀመጠ፤ ለትርፍ ያልቆመ፣ በአንድ አካባቢ በሚኖር ወይም የጋራ ጥቅም ባለው ማኅበረሰብ ፍላጎት የሚቋቋም ማለት ነው። ከዚያ በኋላ በአዲስ አበባ ኮሬ፣ በጅማ ዩኒቨርሲቲ፣ በኮምቦልቻ፣ በዋግ ኽምራ፣ በአርጎባና በሌሎችም አካባቢዎች ጣቢያዎች ተከፈቱ።

ሕጉ በር ከፈተ፤ ደመወዝ ግን ሕጉ አይከፍልም። መሣሪያው ብዙ ጊዜ በለጋሽ ድርጅት ገንዘብ ይመጣል፤ ናፍጣው፣ የመብራት ሒሳቡና የሚቃጠለው ዕቃ መለዋወጫ በየወሩ የሚመጡ ናቸው። ትንሽ ከተማ ውስጥ የንግድ ማስታወቂያ የሚያስነግር ድርጅት በጣት ይቆጠራል። ስለዚህ ጣቢያው ጥቂት ቅጥር ሠራተኛና ብዙ በጎ ፈቃደኛ ይዞ ይኖራል። በጎ ፈቃደኛዋ በነፃ እየሠራች ትማራለች፤ ኤዲት ማድረግ፣ ቃለ መጠይቅ ማድረግ፣ ጊዜ ጠብቆ መናገር። ሙያው ሲገባት ወይ የዞን ኮሙኒኬሽን ይወስዳታል፣ ወይ የክልል ጣቢያ፣ ወይ ትዳር፣ ወይ ስደት። እሷ ስትሄድ ሌላ ልጅ ከሀ ይጀምራል። ይህ ዙር ነው ትንሹን ጣቢያ የማያረጅ ትምህርት ቤት የሚያደርገው፤ ይኸው ዙር ነው ማስታወሻ አልባ የሚያደርገውም። አስታዋሾቹ በሙሉ ሌላ ቦታ ናቸው። የእነዚህ ሁለት ሰዎች ጣቢያ የቀድሞ ሠራተኞች ከተሰበሰቡ የሚሰበሰቡት ደሴ፣ አዲስ አበባ፣ ጅዳ፣ ቤይሩትና ዱባይ ላይ ተበታትነው ነው፤ ወይም በስልክ ግሩፕ።

ስለ ሐታ ካነሳን ዘንድ፣ ኤምሬትስም ተመሳሳይ ታሪክ አላት። የተባበሩት ዓረብ ኤምሬትስ በ1971 እ.ኤ.አ. ከመመሥረቷ አሥር ዓመት ያህል ቀድሞ፣ ራሺድ ቢን ሐምዳ የተባለ የአጅማን ሰው በግል ጥረቱ ትንሽ የሬዲዮ ጣቢያ አቋቁሞ ያሠራጭ ነበር። በዚያው አሥርት ዓመት ሻርጃ ውስጥ ደግሞ እንግሊዞች ከጀርባው የቆሙለት «ሰውት አስ-ሳሒል» የተባለ ጣቢያ ነበር፤ ከካይሮ የሚመጣውን የግብፁን መሪ የናስርን «ሰውት አል-ዓረብ» ለመገዳደር የታሰበ። ሁለቱን ጎን ለጎን ብታስቀምጧቸው የሚገርም ነገር ታያላችሁ። የሻርጃው በመንግሥት ገንዘብና ዓላማ ስለሠራ የሹማምንት ደብዳቤ ይከተለዋል፤ የአጅማኑ ደግሞ በአብዛኛው የሚታወቀው ከሠራበትና ከሰሙት ሰዎች አንደበት ነው። ወረቀት የሚሄደው ገንዘብና ሥልጣን ወዳለበት ነው። የትንሹ ሰው ጣቢያ የሚኖረው ሰው እስካወራለት ነው።

እስካሁን ለትዝታው ስከራከር ቆይቻለሁ፤ አሁን የጎደለውን ላንሳ። የባልደረቦች ጨዋታ የሚያምረው አብረው ስለሚስቁ ነው፤ አብረው የማይስቁበትን ነገር ጨዋታው ይዘለዋል። ሐታ ላይ ስለ ገንዘብ ሲነሳ የዱቤዋ ሻይ ተነሳች፤ ማን ይከፈለው እንደነበርና ማን በነፃ ይሠራ እንደነበር አልተነሳም። እሱ ቅጥር ነበር፤ እሷ ለረጅም ጊዜ በጎ ፈቃደኛ። ስለ ሥራ ክፍፍል ሲነሳ «ሁላችንም ሁሉን እንሠራ ነበር» ተባለ። ጠየቅኩ፤ ቴክኒሺያኑ ዜና አንብቧል፣ የጣቢያው ሹፌር ድራማ ላይ ተውኗል። ሴቶቹ ማሠራጫ ክፍል ገብተው ያውቃሉ ወይ ስል ዝም ተባለ፤ ከዚያ እሷ «ለመጥረግ» አለች። እሱ ሳቀ፣ እሷ አልሳቀችም። «ሁላችንም» የምትለው ቃል በትንሽ ጣቢያ ትዝታ ውስጥ እንደዚህ ናት፤ እውነት ናት፣ ግን ለሁሉም እኩል አትሠራም።

ሌላው የሚዘለለው ያልተነበበው ነው። አየር ላይ የዋለው ይታወሳል፤ ከአየር የቀረው ግን ሰነድም ትዝታም የለውም። የቀበሌው ሰው ደውሎ ያስቀረው ዜና፣ ቅር ይላቸዋል ተብሎ የታለፈ ቅሬታ፣ ሰዓት የለም ተብሎ ያጠረ የአናሳ ቋንቋ ዝግጅት ማንም ካልጠየቀ አይነሳም። በትልቁ ጣቢያ ይህ ጥያቄ በግድ ይመጣል፤ ብሥራተ ወንጌል መጋቢት 3 ቀን 1969 ዓ.ም. በደርግ ተወርሶ «የአብዮታዊት ኢትዮጵያ ድምፅ» ሲባል ቀኑ ራሱ መስመር ስላሰመረ፣ ስለዚያ ጣቢያ የሚያወራ ሰው ከዚያ በፊት ወይስ በኋላ ተብሎ መጠየቁ አይቀርም። በትንሽ ጣቢያ እንዲህ ያለ ቀን የለም። ጫናው በሻይ ሰዓት፣ በለሆሳስ፣ «እንዲህ ባይባል ይሻላል» ተብሎ ስለሚመጣ በዓመተ ምሕረት አይታወስም።

ስለዚህ የእነዚህን ሰዎች ትዝታ ለመሰብሰብ የሚነሳ ሰው፣ የጋዜጠኝነት ተማሪም ይሁን የጣቢያው የዛሬ ኃላፊ፣ መጀመሪያ ለየብቻ፣ ከዚያ አንድ ላይ ቢያናግራቸው ጥሩ ነው። ለየብቻ ሲሆኑ የገንዘቡና የቅሬታው ወሬ ይወጣል፤ አንድ ላይ ሲሆኑ የሥራው ቅደም ተከተል ይስተካከላል፣ አንዱ የዘነጋውን ሌላው ይሞላል። «ምን ዓይነት ፕሮግራም ታቀርቡ ነበር?» የሚለው ጥያቄ አይጠቅምም፤ የሚያመጣው የሪፖርት መልስ ነው። «ጠዋት በሩን ማን ይከፍታል?» ብለህ ጀምር፤ ከዚያ ቀኑ ራሱ ይተረተራል። በዕድሜ ትልቁ ሲናገር ታናሾቹ በአክብሮት ዝም እንደሚሉም አትርሳ፤ ታናሿን መጀመሪያ አናግር።

ቀንና መጠኑስ ከየት ይገኛል? እዚህ ላይ ሐታ ላይ የተነሳ አንድ ነገር አለ፤ እነሱ ቁም ነገር አላሉትም። እሱ ስለ ጣቢያው ገንዘብ ያዥ እያማ ነበር፤ ጥብቅ ሴት ናቸው፣ ለቀብር ማስታወቂያ እንኳ ያለ ደረሰኝ አንድ ብር አይነኩም፣ ማስታወቂያው የተጻፈበትን ወረቀት ከደረሰኙ ቀሪ ጋር በስፒል ያያይዙታል፣ ኦዲተር ይመጣል እያሉ አንዱንም አይጥሉም። እሷም ተቀብላ አማቻቸው፤ የካርቶኑ ብዛት መቀመጫ አሳጥቶን ነበር አለች።

ድምፁ ጠፍቷል፤ ካርቶኑ ግን ገንዘብ ያዥዋ እንዳስቀመጡት ከሆነ በዚያ ከተማ ማን መቼ እንደሞተ፣ የማን በሬ ምን ዓይነት ቀለም ኖሮት በየትኛው ገበያ እንደጠፋ፣ የትኛው ትምህርት ቤት ጨረታ እንዳወጣ፣ ማን ለማን ሠርግ መልካም ምኞት እንደላከ፣ ስንት እንደተከፈለ ከነቀኑ ተጽፎ ተቀምጧል። የሬዲዮ ጣቢያ ቤተ መዛግብት ቢጠየቅ ማንም የሒሳብ ክፍሉን አያስብም። እኔም አላሰብኩም ነበር።

ካርቶኖቹ የት እንዳሉ ጠየቅኩ። ጣቢያው ቢሮ ሲቀይር እሱ ሄዶ ነበር፤ እሷም እዚህ ነበረች። ገንዘብ ያዥዋ ጡረታ ወጥተው ደሴ እንዳሉ ያውቃሉ፤ ስልካቸው እሷ ዘንድ አለ። እሱ ለየት ባለ ጉጉት «ደውይላቸው» አላት። የጓጓው ለታሪክ ብሎ አይደለም። የዚያች ቀን ማስታወቂያ ደረሰኝ ከተገኘ፣ ያልተነበበው ስም በድጋሚ በነፃ ተነግሮ እንደሆነ ወይም ገንዘቡ ተመልሶ እንደሆነ በጀርባው ላይ ተጽፎበታል ብሎ ያምናል፤ ያኔ አምስት ደቂቃ ይሁን ግማሽ ሰዓት ይለያል። እሷ ደግሞ ለመደወል የተስማማችው በአንድ ቅድመ ሁኔታ ነው፤ የበጎ ፈቃደኞች የትራንስፖርት አበል የተፈረመበት ወረቀትም አብሮ እንዲፈለግ።